ማማ የወጣው ጠረጴዛ

ሠልጣኙ ወንዶሰን የሞተው ነገሌ ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ግቢ ነው። ከውሃ ማማው ሥር ተንጋሎ ተገኘ። ደረት ኪሱ ውስጥ ራሱ የሠራው፣ የአየር ግፊት እየለካ ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ ነበር። ሊሞክረው ማማው ላይ ወጥቶ ወደቀ ተባለ።

ኢንስፔክተር ትርንጎ ስትደርስ ዘበኛው ጃታኒ ታስሯል። የማማው መሰላል በር ቁልፍ በእሱ እጅ ነው፤ ሰሞኑንም ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀዋል። የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሼ ሥዩም፣ ጃታኒ ቁልፉን ለወንዶሰን ሲሰጠው አይቻለሁ አሉ። ተከትሎ ወጥቶ ገፈተረው የሚለውን ፖሊስ ጨመረበት፤ እሳቸውም ዝም አሉ። እንዲያው ያ ዝምታ!

ትርንጎ ጣቢያ ሄዳ ጃታኒን ጠየቀችው።

«እኔ አልሰጠሁም» አለ። «ግን ጋሼ ሥዩም ሰጥቷል ካሉ፣ ረስቼ ይሆናላ።»

ትርንጎ በገነች። ጋሼ ሥዩም የጃታኒን ልጅ ያስተማሩ ናቸው፤ እሳቸው ይዋሻሉ ብሎ ማሰብ ለጃታኒ ነውር ነው።

ወርክሾፕ ውስጥ ሥዩም መሣሪያው የመዘገበውን የከፍታ መስመር አሳዩአት። ወንዶሰን በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ የማማውን ያህል ከፍ ብሏል። ሲያሳዩአት አንዴም ዓይኗን አላዩም። እሷ ግን የመሣሪያው መስታወት ጭረት እንኳ እንደሌለው አየች። ሬሳውን ስትመረምር መዳፉ ላይ ያየችውን ቃጠሎ ስታነሳ፣ የወርክሾፑ ረዳት ቴክኒሽያን ሸምሳ ሥዩምን አየት አድርጋ አላውቅም አለች።

ትርንጎ መሣሪያውን ቢሮዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ብታየው፣ ማንም ሳይነካው መስመሩ ከፍ ብሏል። ወይ ጉድ አለችና ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበች። ጃታኒንም በካቴና አስመጣች።

«ይህ ዕቃ ሜትር አያውቅም፤ የሚያውቀው ግፊት ነው» አለች። «ከሰዓት በኋላ ግፊቱ ሲወርድ የወጣ ይመስለዋል። ዛሬ ጠረጴዛዬም ማማ ወጥቷል። የወንዶሰን መስመር እንደዚያው ቀስ እያለ ነው የወጣው። ሰው መሰላል ላይ ግማሽ ቀን አያዘግምም። ወድቆ ቢሆን ደግሞ መስመሩ ባንዴ ቁልቁል ይሄድ ነበር። አልሄደም። መስታወቱም አልተሰነጠቀም። ወንዶሰን ማማው ላይ አልወጣም፤ ስለዚህ ቁልፍም አላስፈለገውም። ማማው ላይ የሚያቃጥል ነገር የለም፤ መዳፉን ያቃጠለው እዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ጋሼ፣ ግፊት ከሰዓት በኋላ እንደሚወርድ ለተማሪ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።»

ሸምሳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የወርክሾፑ ኤክስቴንሽን ገመድ ይነዝር እንደነበር፣ ለሥዩም ደጋግማ ብትነግራቸውም ነገ ይታያል እንዳሏት ተናገረች። ወንዶሰን ከሞተ በኋላ ዝም ማለቷ እንደሚያሳፍራትም አልደበቀችም።

ሥዩም በእጃቸው ወደ ኤክስቴንሽኑ አመለከቱ።

«ሽቦውን እንደያዘ አገኘሁት» አሉ። «ቀዝቅዞ ነበር። የሥዩም ሽቦ ገደለው ከሚባል ብዬ ጎትቼ ማማው ሥር አኖርኩት።»

«ጃታኒስ?»

«ይፈታል ብዬ...» አልጨረሱትም። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል።

ፖሊሱ የጃታኒን ካቴና ፈታ። ጃታኒ የተላጠ የእጅ አንጓውን እንኳ ሳያሻሽ ወንበር ስቦ አቀረበላቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለ። «ደክሞዎታል።»

ሥዩም ወንበሩን አዩት፤ አልተቀመጡም።