ሁለት ጊዜ የታመመ ሳንባ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ውሸት ከሆነ የቤቴ ጣሪያ ይናድብኝ፤ ያውም የኔ ጣሪያ ለመናድ ምክንያት ሲፈልግ የኖረ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንዲት ሴት የቀብር መኪና ጎማ ሥር በመቀመጧ ነው። መኪናው የሆስፒታሉ ጓሮ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። በላስቲክ የታሸገው አስከሬን ከኋላ ተጭኗል። ሾፌሩ ጭንብሉን እስከ ዓይኑ ስቦ ይለማመጣታል።

«እትዬ፣ በወረርሽኝ የሞተ ሰው አይታጠብም፣ አይገነዝም። ይነሱና ሥራዬን ልሥራ።»

«ንዳዋ! በላዬ ላይ ንዳው! ወንድሜን ገድለው በላስቲክ ይጠቀልሉታል? ገዳዩን ሳላውቅ ከዚህ አልነሳም። ካወቅኩ በኋላ የማደርገውን ደግሞ ያኔ ታየዋለህ።»

ፖሊስ ጣቢያው መርማሪ የላከው ሴትየዋን ከጎማ ሥር እንዲያስነሳ ብቻ ነበር። የተላከው ደግሞ «እንቅልፌ» የሚሉት ነው። ቆሞም ሄዶም የዓይኑ ቆብ ከግማሽ በላይ አይነሳም። አንድ ሌባ የእውነት የተኛ መስሎት አጠገቡ ለጓደኛው ምስጢሩን ሲያወራ ተይዟል።

እንቅልፌ ሴትየዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«በምን አወቁ እትዬ? በሽታ አይደለም ያሉት?»

«ትናንት በስልክ ሲሰድበኝ ነበራ! ሳንባው ያለቀ ሰው እንደዚያ ይጮሃል?»

«ምን አድርገውት ነው የሚሰድብዎት?»

«ልጅ ሆነን ከብስክሌት ገፍትሬ ጣልኩት። ከአንገቱ ወደ ግራ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ብርድ በመጣ ቁጥር ያመዋል፤ ባመመው ቁጥር እየደወለ ይሰድበኛል።» ጎማውን በመዳፏ መታች። «እንግዲህ ማን ይሰድበኛል?»

እንቅልፌ ተነስቶ ሾፌሩን ሞተሩን አስጠፋው።

ሟቹ የሆስፒታሉ የትንበያ ክፍል ኃላፊ ነበር። በድንገተኛ ክፍል የሚነሳ የደረት ራጅ ሁሉ በቀጥታ ወደሱ ማሽን ይገባል። ማሽኑ የበሽተኛውን ስም ጥሎ ሰፈሩን ብቻ ይይዛል። ሳንባው ላይ የወረርሽኙን ነጭ ጉም ካየ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የከተማ ካርታ ያ ሰፈር ላይ ቀይ ነጥብ ያበራል። ከነጥቦቹ አካሄድ ተነስቶም በሽታው ቀጥሎ የት እንደሚገባ ይናገራል። ቀልድ አይደለም፤ በሽታው ራሱ መንገዱን ሳይመርጥ ማሽኑ ቀድሞት ይጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ግን ትንበያው ሳይሰምር ቀርቶ ከተማው ሁሉ በከንቱ ጭንብል አጥልቆ ከረመ። ሰው በኃላፊው ሳቀበት፤ «ጠንቋዩ» የሚለው ስምም ያኔ ወጣለት።

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር መርማሪውን በር ላይ ተቀበለው። እጁን በአልኮል ከማሸቱ ብዛት የጣት አሻራው የጠፋ ሰው ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ጠዋት እያሳለ መጣ፣ ራጅ ተነሳ፣ እዚያው ሞተ። ፊልሙን አየሁት፤ ሳንባው ነጭ በነጭ ነው። ይታሸግ አልኩ።»

«አስከሬኑን ማን መረመረው?»

«ማን ይነካዋል? ራጁ ተናግሯል እኮ!»

«ፈርተው ነው ወይስ ቸኩለው?»

ዳይሬክተሩ አልኮሉን እንደገና መዳፉ ላይ አፈሰሰ።

ራጁን ያነሳው ባለሙያ ክፍሉን እየወለወለ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ «ትንፋሽ ያዝ» ነው የሚሉት።

«ምን ሆኖ ነበር ሲመጣ?» አለው እንቅልፌ።

«አሳለ። ሰሌዳው ላይ ደረቱን አስጠጋ። ትንፋሽ ያዝ አልኩት፤ ያዘ።» መወልወሉን አላቋረጠም። «አለቀቀውም።»

እንቅልፌ የራጅ ማያ መብራቱ ላይ የተሰቀለውን ፊልም እያንቀላፋ አየው። ከዚያ ጓንት አጥልቆ ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ሾፌሩ እየጸለየ ላስቲኩን ከፈተለት። የሟቹ ግራ ትከሻ፣ እህቱ እንዳለችው፣ ጠማማ ነው። ክርኑ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ትኩስ የመርፌ ነጥብ አለ።

ትንበያ ክፍሉ ውስጥ፣ በሟቹ ወንበር ላይ፣ ረዳቱ ተቀምጣለች። ገመድ እንደ ሐብል አንገቷ ላይ ስለሚውል «ሽቦ» ትባላለች።

«ወንበሩን ቶሎ ወረስሽው።»

«አለቃው ሞተ ተብሎ ማሽን አይቆምማ! ሥራውን የምሠራው እኔ፣ የሚጮኸው እሱ ነበር።»

«ትጠይው ነበር?»

«ከልቤ። ብገድለው ግን ካርታዬን አላበላሽም። ይኸውልዎት፣ የሱ ራጅ ጠዋት ገብቷል፤ አዲስ ነጥብ ግን አልበራም።»

የእንቅልፌ አንድ ዓይን ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

«ለምን?»

«‹ይህን ደረት አውቀዋለሁ› ብሎ አለፈው። አንድ በሽተኛ ደጋግሞ ሲነሳ ብዙ ሰው እየመሰለው አስቸግሮን ነበር። በቅርቡ በጎድን አጥንት እንዲለይ አደረግኩት። ሰው ስሙን ቢቀይር የጎድን አጥንት ከየት ያመጣል? ለሟቹ እንጂ ለማንም አልነገርኩም። ተሳስቶ ነው ብዬ ላስተካክለው ስል እርስዎ መጡ።»

«እንዳትነኪው። ይህን ደረት የት ነው የሚያውቀው?»

ሽቦ ቁልፎቹን ነካካች። ካርታው ላይ አንድ የደበዘዘ ነጥብ ብልጭ አለ።

«ካለፈው ወረርሽኝ። እንጨት መጋዘኑ ሰፈር።»

«ያኔ ማሽኑ ስለዚያ ሰፈር አስቀድሞ ተናግሮ ነበር?»

ሽቦ ገመዷን ከአንገቷ አወለቀች።

«ተናግሮ ነበር። ጠንቋዩ ግን ዳግመኛ ይስቁብኛል ብሎ ያዘው። ሲያወጣው ሰፈሩ ሬሳ እየቀበረ ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«አሮጌው ካርታ ይኸው ተሰቅሎ! እዚህ ገብቶ ቀና ያለ ሁሉ ያውቃል።»

እንቅልፌ ሁሉንም ራጅ ክፍል ሰበሰባቸው፤ ዳይሬክተሩን፣ ሽቦን፣ ትንፋሽ ያዝን፣ እህቲቱንም። ከፊልሙ ጀርባ መብራቱን አበራ።

«ይህ አጥንት እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። የሟቹ ግን ጠማማ ነው፤ የሰበሩት እትዬ ይመስክሩ። ስለዚህ ይህ የሱ ደረት አይደለም።»

«ወንድሜ በሽታ አልነበረበትም አላልኩም?» አለች እህቲቱ።

«ብለዋል። የገደለው ክንዱ ላይ የተወጋው መርፌ ነው። ገዳዩ ሰዉ ሁሉ ከአስከሬኑ እንዲሸሽ የታመመ ሳንባ አስፈለገው፤ ከአሮጌ ራጆች አንዱን አንስቶ የሟቹን ስም ጻፈበት። ማሽኑ ግን በጎድን አጥንት እንደሚለይ አላወቀም። ሽቦ ይህን ስለምታውቅ ነጻ ናት። ዳይሬክተሩና ትንፋሽ ያዝ አያውቁም።»

ከዳይሬክተሩ እጅ የአልኮል ጠርሙሱ ወደቀ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ እንቅልፌ እያዛጋ። «በሺህ ከሚቆጠር ራጅ መካከል ለምን ይህኛው? ለማንኛውም የሐሰት ፊልም ነው፣ አይረባም። ከቆሻሻው ጋር ይቃጠል።»

ፊልሙን መንጭቆ የሚቃጠል ቆሻሻ የሚጣልበት ቀይ በርሜል ላይ አጣጠፈው። ትንፋሽ ያዝ ክፍሉን በአንድ ዝላይ አቋርጦ የመርማሪውን የእጅ አንጓ ጨመደደ።

«አትጣለው!»

«የማን ነው?»

«የወንድሜ።»

እንቅልፌ ፊልሙን ለቀቀለት። ትንፋሽ ያዝ ተቀብሎ እጥፋቱን በመዳፉ አስተካከለ።

«ያነሳሁት እኔ ነኝ። ትንፋሽ ያዝ ስለው ‹የት አለና!› ብሎ ሳቀብኝ። የመጨረሻ ሳቁ ነው። ማሽኑ ተናግሮ ነበር፤ ሰምቶ ዝም ያለው ጠንቋዩ ነው! ከጥቂት ቀናት በፊት ቢናገር ኖሮ ወንድሜን ይዤ ከዚያ ሰፈር እወጣ ነበር። ዛሬ የሠራተኞች ክትባት መጥቷል ብዬ ጠራሁት፤ እጅጌውን በገዛ እጁ ሰበሰበልኝ። የደበቀውን ሳንባ ተሸክሞ እንዲቀበር ነው የፈለግኩት፤ በላስቲክ፣ ሳይታጠብ፣ አልቃሽ ሳይቀርበው። ወንድሜን እንደዚያ ነው የቀበርኩት። አይቆጨኝም። ቢነሳ ደግሜ እወጋዋለሁ።»

«የካርታው ጉዳይ እንኳ እዚሁ ይቅር» አለ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ።

«አንዴ ቀርቶ አየነው እኮ!» አለች ሽቦ፤ በሩን በርግዳ ወጣች።

እህቲቱ ወደ ትንፋሽ ያዝ ቀረበች። ፊልሙን ከእጁ ወስዳ መብራቱ ላይ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መለሰችለት፤ ምንም ሳትናገርም ወንድሟን ልታጥብ ወጣች።

ጣሪያዬ ሲንቋቋ ስለሰማሁ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ምንም ሳትናገር ወጣች ያልኩት የራሴ ፈጠራ ነው፤ ታሪኩ እንዲያምር ብዬ። ፊልሙን መመለሷ እውነት ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች፤ ሾፌሩን «ያኔ ታየዋለህ» ባለችበት በዚያው ድምፅም ትንፋሽ ያዝን፦

«ሌላ ወንድም አለህ?» አለችው።