ስድስት ቁጥር ገና አልጨረሰችም

ቀረብ በሉ፣ የጥበቃ ልጆች። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ የሚመጣ አይመስልም። ሳቅ አልወድም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። የፈራ ይውጣ።

ድሮ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ዝናቡ ያካፋል። ሻረው የሚባል ሰው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብቻውን ኮምፒውተር ይጠብቃል። ኮምፒውተር ያኔ እንደናንተ በኪስ የሚያዝ መሰላችሁ? ወዲያ! አንድ ነበር፣ ቤት ሙሉ። ሥራ የሚያስቀምጥበት ዲስኩ ብቻ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያክላል። ሲሠራ እየተንቀጠቀጠ ወለሉ ላይ ይራመዳል፤ ጠዋት ስትመጡ በሩን ከውስጥ ዘግቶት ታገኙታላችሁ። ስምንት ሰው በየክፍሉ ሆኖ፣ ወረቀት ላይ በሚመታ መጻፊያ፣ በገመድ ይካፈለዋል። በየተራ።

ሕግ ነበረው። ሻረው ሊያጠፋ ሲል ለሁሉም "ላጠፋ ነው" ብሎ ይጽፋል። ሁሉም "ጨረስኩ" ካላሉ አያጠፋም። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከጠፋ ያ ሥራ አለቀለት!

ከዚያ ማታ በፊት አንድ ቀን አውቶቡስ እንዳያመልጠው ቸኮለ። ስድስት ቁጥር መጻፊያ ላይ እልፍነሽ የምትባል ተማሪ ነበረች፤ የመመረቂያ ጥናቷን ትጽፋለች። "ቆይ" አለችው። አልቆየም። የሦስት ወር ልፋቷ ድራሹ ጠፋ። በሳምንቱ ታማ ሞተች። ክፍሏ ተቆለፈ፣ መጻፊያው ተነቀለ።

እና ያልኳችሁ ዝናባማ ማታ፣ እሷ ከሞተች በኋላ፣ "ላጠፋ ነው" አለ። ሰባቱ "ጨረስኩ" ብለው ወጡ። ከዚያ ማሽኑ ላይ የስድስት ቁጥር አምፖል በራች፤ ወረቀቱ ላይም ጽሑፍ ወጣ።

"ቆይ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሱ ባትሪውን ይዞ ወጣ። በባሕር ዛፉ መሀል የምትዞሩባት ቀጭን መንገድ አለች አይደል? በእሷ። ከሩቅ ሰማ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ። ከፈተ። ወንበሩ ባዶ። ገመዱ ተነቅሎ ወለል ላይ ተጋድሟል። ወረቀቱ ግን እየወጣ ነው።

"ሻረው፣ አሁንስ ትጠብቀኛለህ?"

"በሥላሴ! እስኪነጋ እጠብቅሻለሁ፣ እልፍዬ!" አለ እያለቀሰ። ከልቡ ነበር። ቁጭ አለ። ፊደሎቹ ራሳቸው ይመታሉ። አንድ ገጽ። ሁለት ገጽ። ሦስተኛው ላይ ቀዝቃዛ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። ምን ይሁን፣ ሰው ነው፣ ፈራ። ወደ ኮምፒውተሩ ሮጦ ሄዶ ድርግም አደረገው። ለሁለተኛ ጊዜ ከዳት።

ሻረውም በሐዘን ሞተ፣ ማሽኑም ለቁራሌ ተሸጠ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

ስለዚህ በዚያች መንገድ ብቻችሁን አትዙሩ። ሳትጠይቁም ምንም አታጥፉ። አንተ ድንበሩ! የስልክህን መብራት ልታጠፋ ነው? ጠይቅ እንጂ መጀመሪያ! "ጨረሳችሁ?" በል።

እሺ። እዚህ ያለነው አምስት ወንዶች ነን፣ አምስታችንም ጨርሰናል።

ታዲያ አሁን "ቆይ" ያለችው ማናት?