ዘንዜሌን ከየት ነው ያመጣችሁት?

የሬሳ ሳጥኑ ክዳን ሲነሣ ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። ሳጅን ቶኮዚሌ ግን አላለቀሰችም። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጆሮ ታያለች። ሰው ሬሳ ሲሰናበት ፊት ያያል እንጂ ጆሮ አያይም፤ እሷ እቴ፣ አንገቷን ጠምዝዛ ውስጡን ሁሉ ፈተሸችው።

የመጣችው ለምርመራ አልነበረም፣ እንደ ጎረቤት ለመቅበር ነው። በር ላይ የሟቹ ሚስት ላንጋ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«እትዬ፣ ከመዝጋታቸው በፊት ደህና አድርገሽ እዪልኝ። ከዚያ ያሻችሁን በሉኝ።»

ሳጅኗ ጠዋት ላንጋን ሰላም ሳትላት ነበር ያለፈችው። ማን ሰላም ብሏት። ጆሃንስበርግ ግድግዳ እየለሰነ የሚያድር ባሏ ዘንዜሌ ባቡር ሐዲድ ላይ ራሱን ጣለ፣ ምክንያቱም ሚስቱ «ሌላ ሰው ይዣለሁ» ብላ ጻፈችለት የሚለው ወሬ ከሬሳው ቀድሞ ድንበር ተሻግሮ እዚህ ኬዚ ገብቷል። አማቷ እማማ ማኩማሎ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ አጥሩ ሥር ጥላላታለች። ከቀብር በኋላ ላንጋ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ልጇ እዚሁ ትቀራለች። የተቆረጠው እንዲህ ነው።

ሳጅኗ ቀና አለች። የዘንዜሌ ፊት ደህና ነው፣ እጆቹም ደህና ናቸው፣ የተሰበረው የኋላ ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ጆሮው ውስጥ ደግሞ የሬሳ አጣቢ እጅ ያልደረሰበት ነጭ ጄሶ ደርቋል።

አብሮት ግድግዳ የሚለስነው ታናሽ ወንድሙ ቤኪ በረቱ አጠገብ ቆሟል። በእጁ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዟል። የሟች ነፍስ ከወደቀችበት ቦታ ተነሥታ ወደ ቤቷ የምትመጣው በዚያ ነው፤ በመንገድ ላይ እንደ ሰው ያናግሯታል፣ ወንበር ይለቁላታል። እስኪቀበር አይለቀውም።

«ቤኪዬ፣ እንዴት ነበር ነገሩ?»

«እሑድ ነበር እትዬ። ታጥቦ ለባብሶ ቤት ተቀምጧል። መልእክቷን አነበበና ወጣ። ማታ ሐዲድ ዳር አገኙት።»

«መልእክቱን አየኸው?»

«አሳየኝ።»

«ስልኩስ?»

«ጠፋ።»

«ስልክ መቼም መጥፋት ያውቅበታል» አለችና ተወችው።

ሌፋ ከወንድማማቾቹ ጋር አንድ ክፍል የሚኖር ጓደኛቸው ነው። ገንፎውን በመረቅ እያጠቀሰ ነበር።

«አንተስ መልእክቱን አይተሃል?»

«እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ቤኪ ነው የነገረኝ።»

«ስትሄድ እነሱ ምን ያደርጋሉ?»

«ተኝተዋል። እትዬ ደግሞ፣ ያ አገር እኮ ያንቺ ጣቢያ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ወሬ የምወድ ሴት ናት በለኝና መልስልኝ። ስትመለስ ነበሩ?»

ሌፋ ማኘኩን አቆመ። «ቤኪ ብቻ። የሥራ ልብሱን እያጠበ።»

የቀረው ሾፌሩ ጊፍት ነው። ሳጥኑን በተሳቢ ያመጣው ሚኒባስ ሥር ገብቶ የሆነ ነገር ይጠግናል። ሳጅኗ እግሩን መታ መታ አደረገችው።

«ጆሃንስበርግ ውስጥ የት የት ቆማችሁ?»

«መጀመሪያ ሐዲዱ ጋ። ቤኪና ሌፋ ወርደው ቅርንጫፉን መሬት አስነኩ። ከዚያ ቤኪ ሽንቴ መጣ ብሎ አንድ ጅምር ሕንጻ ጋ አስቆመኝ።»

«ቅርንጫፉስ?»

«ይዞት ወረደ።»

«ለሽንት?»

ጊፍት ከመኪናው ሥር ተስቦ ወጣና ጭንቅላቱን አከከ። «አሁን ስትዪው ነው ነገሩ የመጣልኝ።»

«ከሐዲዱ ስትነሡ ቅርንጫፉ የት ተቀመጠ?»

«ጉልበቱ ላይ። አጠገቡ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነበረች። ከሕንጻው ሲመለስ ግን ‹ይህ ወንበር የወንድሜ ነው› ብሎ ሴትዮዋን ወደ ኋላ ሰደዳት። ስድቧን የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

«ወንድሙን ያናግረው ነበር?»

«ሐዲዱ ጋ አፉን አልከፈተም። ከሕንጻው ወዲህ ግን ማን ያስቁመው። ‹ዘንዜ፣ ልንታጠፍ ነው። ዘንዜ፣ ወንዙን ልንሻገር ነው።› እስከዚህ ድረስ።»

ሳጅን ቶኮዚሌ ለቀስተኛውን በሙሉ ወደ በረቱ ጠራች። ላንጋንም ከአጥሩ ሥር አስነሣቻት።

«ከመቅበራችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ዘንዜሌን ከየት ነው ያመጣችሁት?»

«ከሐዲዱ ነዋ» አለች እማማ ማኩማሎ።

«እማማ፣ ባቡር የመታው ሰው እንዲህ ሙሉ ሆኖ አይመጣልሽም። ታጥቦ ከቤት የወጣ ሰው ደግሞ ጆሮው ጄሶ አይሞላም። ልጅሽ እሑድ ሥራ ላይ ነበር። አብሮት የነበረውም የዚያን ቀን የሥራ ልብሱን ሲያጥብ ታይቷል። መልእክቱን ከዚሁ ሰው በቀር ያየው የለም። ይኸም ሆኖ ልሳሳት እችላለሁ።» ወደ ቤኪ ዞረች። «ግን ነፍስ የምትነሣው ከወደቀችበት ነው። ሐዲዱ ጋ ሌፋ እያየህ ስለነበር ቅርንጫፉን መሬት አስነካህ፤ ወንድምህን አላናገርከውም፣ ወንበርም አልሰጠኸውም። እዚያ እንደሌለ ታውቃለህ። ጅምሩ ሕንጻ ጋ ነው ያነሣኸው።»

ቤኪ ቅርንጫፉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ከመወጣጫው ወደቀ» አለ ቀስ ብሎ። «መወጣጫውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ተጣድፌ ነበር።»

«ወዲያው ሞተ?»

ቤኪ እናቱን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ቤኪ፣ እናትህ እየሰማች ነው።»

«አልሞተም። ውሃ ለመነኝ። ሐኪም ቤት ከወሰድኩት ወረቀት ይጠይቁናል፣ ያባርሩናል ብዬ ፈራሁ። ሲመሽ እወስደዋለሁ አልኩ። ሳይመሽ ሞተ። ሐዲዱ ጋ ወስጄ ጣልኩት።»

«ላንጋንስ?»

«እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ ሲሉኝ የምለው አጣሁ። እሷ ሩቅ ነበረች።»

«ነፍሱንስ እዚያው ብትተዋት ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ወንድሜ ነዋ» አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አንድም ሰው አላባበለው።

እማማ ማኩማሎ ወደ ላንጋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ልጄ፣ ፊቴን የት ላድርገው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እማማ» አለች ላንጋ። «የኔን የማደርግበት ስፈልግ ነው የከረምኩት።»

ሳጅኗም ወደ ላንጋ ቀረበች። «እኔም ጠዋት ሰላም ሳልልሽ…»

«አይቻለሁ፣ እትዬ። መጀመሪያ ባሌን ልቅበር። መሄድ መቅረቴን ከዚያ በኋላ እኔው እነግራችኋለሁ።»

የልጇን እጅ ይዛ ከሳጥኑ ኋላ ተከተለች። ሳጅኗ ቤኪን ክንዱን ይዛ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ፣ ራቅ ብላ ትሄዳለች። ከላንጋ ጎን የሚራመድ ሰው አልነበረም። ጠዋት የሸሿት ተጸይፈዋት ነው፤ አሁን ግን ዞር ብላ እንዳታያቸው ፈርተው ነበር።