መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር

ቤቴልና ሱፍያን የተዋወቁት በጠብ ነው። ጠዋት ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ እሷ መስኮቱን ከፈተች፤ አብሯት ከሰሚት የተሳፈረው ቀጭን ልጅ እጁን በፊቷ አሳልፎ ዘጋው። ከፈተችው። ዘጋው።

«ወንድም፣ እኔ አየር ያስፈልገኛል።»

«እኔ ደግሞ ሳንባዬ ያስፈልገኛል» አላት፣ አንገቱን ጃኬቱ ውስጥ ቀብሮ።

ሳቋ አመለጣት። ሩዋንዳ ሰፈር ሲደርሱ ሁለቱም እኩል «ወራጅ አለ» አሉ። አንድ ሕንፃ ገብተው አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ፊት ቆሙ። ልጁ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት ሊቀጠር የመጣ ፕሮግራመር ነበር። ቤቴል እዚያው ድረ ገጹ የሚሠራበትን ሰርቨር የምትቆጣጠር፣ የድርጅቱ ባለቤት የእዝራ ታናሽ እህት ናት።

ይህ የሆነው መስከረም ላይ ነው። ጥር ሲገባ በሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ግማሽ እንዲከፈት ተስማምተው ነበር። ሚያዝያ ላይ እሱ ከሷ በፊት ወንበር ሲያገኝ መስኮቱ ጋ ያለውን ለሷ ይይዝላታል፤ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን። ቤቴል ይህን ልጅ እንደወደደችው ያወቀችው ያኔ ነው። ብርዳም ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ሲበርደው ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

የደሴ ልጅ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ከምሳ በፊት ለጁምዓ ይወጣል። የቤቴል አባት አቶ ላጲሶ ደግሞ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም ይህን ያውቁ ስለነበር ስለነገ ሳያወሩ ወራት አለፉ። ነሐሴ ላይ እዝራ ፍቅራቸውን ደረሰበት። ለእህቱ አንድም ቃል አልተናገረም። እዝራ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። አባቱን የሚፈራ ትልቅ ልጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጳጉሜ ገባ። አገር ምድሩ ለእንቁጣጣሽ ወደ ቤተሰቡ ሊሄድ ትኬት ፍለጋ ተነሳ፤ ድረ ገጹም ተኛ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ሻይ አዝዞ ይጨርሳል። ስልክ የምታነሳው ትግስት ድምጿ ተዘጋ። «እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱን። አዎ፣ እያየነው ነው» ትላለች፣ ደግሞ ሌላ ስልክ ይጮኻል።

እዝራ ከክፍሉ ወጣ። ሱፍያንን ሳያይ ስለ ሱፍያን ተናገረ።

«ዘንድሮ የተጻፈው አዲሱ ኮድ ነው እንዲህ ያደረገን። እስከ ምሳ ካልተስተካከለ የጻፈው ሰው ዕቃውን ይሰብስብ።»

ሱፍያን ተነሥቶ ወደ ደረጃው ወጣ፤ ቤቴል ተከተለችው።

«ልሂድ፣ ቤቲ» አላት ግድግዳውን ተደግፎ። «እዝራ ትናንት አነጋግሮኛል። በራሴ ከለቀቅኩና ካንቺ ከራቅኩ ለአባትሽ አይነግርም። አንቺ ከቤተሰብሽ እንድትጣዪ አልፈልግም።»

«ስለ እኔ ነው የተነጋገራችሁት?»

«አዎ።»

«ሁለት ወንዶች ተቀምጣችሁ፣ እኔ ሳልኖር?»

ዓይኑን ከሷ ላይ አነሣ፤ እሷ ግን አላነሣችም።

«ና ተቀመጥ» አለችው። «መጀመሪያ ሰርቨሩን፣ ቀጥሎ እናንተን።»

አንድ ኮምፒውተር ፊት ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ነገር ገረማት፤ ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የሚያለከልከው መረጃው የተከማቸበት ዳታቤዝ ነው። አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ ያው ራሱ፣ ያለ ፋታ ይጎርፍበታል።

«ገና ላይ ከዚህ የበለጠ ሰው ነበር» አለች ቤቴል። «ፋሲካም ላይ። ያኔ ምንም አልሆነም።»

«ያኔም የኔ ኮድ ነበር» አለ ሱፍያን ቀስ ብሎ።

«አምና ግን አልነበርክም። አምና በዚህ ሰሞን ልክ እንዲህ ተንቀራፍፎ፣ በሰው ብዛት አሳበን ዝም አልን።»

የመስከረምን ጉዞዎች ከፈተች። ገጹ ወዲያው መጣ። የጳጉሜን ከፈተች። ጠበቁ፣ ጠበቁ። ሁለቱ ተያዩ።

ድረ ገጹ የአንድን ቀን ጉዞዎች አንዴ ከዳታቤዙ ካመጣ በኋላ አጠገቡ ያስቀምጣቸዋል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው እዚያው አንሥቶ ይሰጣል። ማስቀመጫው በየወሩ የተከፈለ መሳቢያ ነው። ሱፍያን ኮዱን እየገለጠ ሄዶ መሳቢያዎቹን አገኛቸው። አሥራ ሁለት ናቸው። የፈረንጅ ዓመት ይመስል አሥራ ሁለት። ጳጉሜ የምትቀመጥበት ስለሌላት ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ዳታቤዙ ይጠየቃል፣ መልሱ ይጣላል፣ ደግሞ ይጠየቃል። አሥራ ሦስት ወር ባለው አገር ይህን ማን ይጽፋል?

ኮዱ ላይ የጸሐፊው ስም አለ። እዝራ ላጲሶ፣ ድርጅቱ ሲመሠረት።

ሱፍያን መዳፉን ስሙ ላይ አደረገ። «አስተካክለን ዝም እንበል። ባይሰማስ?»

«ዝም ማለት ሰልችቶኛል» አለች ቤቴል። እጁን በእርጋታ አነሣችውና ቀና አለች። «እዝራ፣ ተገኝቷል። ያንተ ኮድ ነው።»

እዝራ መጥቶ ከጀርባቸው ቆመ። አነበበ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ደግሞ አነበበ።

«ጳጉሜን ረሳኋት?»

«ረሳሃት። ከዚያ ሱፍያንን ልታባርርበት ነበር።»

ሱፍያን አሥራ ሦስተኛውን መሳቢያ ጨመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ገጹ በረረ። ትግስት ስልኩን አስቀምጣ ውኃ ጠጣች። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን የተሸጠውን ትኬት ሁሉ ከነስሙ ያሳያል፤ ሲጎርፍ ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ማየት ጀመረ። ደሴ፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ።

እዝራ ወደ እህቱ ጎንበስ አለ። «ይቆይ። ሥራው ሥራ ነው። ያኛውን ነገር ግን ለአባባ እነግረዋለሁ።»

«አትነግረውም። የምነግረው እኔ ነኝ።»

ወንበሯን ወደ ሱፍያን አዞረች። «ሶዶ አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«አባትሽ ፊት?»

«አባቴ ፊት። የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንተ አጠገቤ ቁም።»

ሱፍያን እዝራን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፣ እሷ ላይ ቆየ። ለትኬቱ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ኪቦርዷ አጠገብ አስቀመጠ።

«ከዚያ ደሴ» አለ። «የኔዋ ዘሃራም ቀላል ሴት አይደለችም። እናቴ ናት፣ አውቃታለሁ።»

«ለደሴም እንቆርጣለን።»

ግድግዳው ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ፦ ቤቴል ላጲሶ፣ ሱፍያን ሀይደር፣ ወላይታ ሶዶ፣ ጎን ለጎን። ቢሮው በሙሉ አነበበው። ትግስት የሚጮኸውን ስልክ ማንሣት ረሳች።

«አባባ በሩን ሊዘጋብሽ ይችላል» አለ እዝራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይዝጋው። ሲዘጋ ግን ፊቴን እያየ ነው።»

እዝራ ስክሪኑን አይቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«አውቶቡሱ ማለዳ ነው የሚነሣው። ታክሲ አትጋፉ፤ መናኸሪያ ድረስ እኔ አደርሳችኋለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ሱፍያን ስክሪኑን እያየ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ለማን ቆረጥሽው?»

«ለኔ። እስከ ሶዶ ድረስ እከፍተዋለሁ።»

«ግማሹን?»

«ሙሉውን።»

«እሺ» አለ ሱፍያን። «ጋቢ እይዛለሁ።»