አሥራ አንድ ዓመት ያልተኛችው ሴት

በማርስ ቀይ ሸለቆ ጣቢያ የሚኖሩት አሥራ ሰባቱም ሰዎች ስማቸው ትርሲት ነበር። እርግጥ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ የጣቢያው ኮምፒውተር ግን በዚህ ብቻ ያውቃቸዋል። መሐንዲሷ ትርሲት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በራሷ ስምና የይለፍ ቃል ከፈተችው፤ ሌላው ሁሉ በዚያው ገባ። አንዱ ቢታመም ተክቶት የሚሠራው ደጅ እንዳይቀር ብለው ነው፤ ትንሽ ስንፍናም ሳይኖርበት አይቀርም።

ዛሬ ያ ልማድ ጋሽ ልሳኑን ሊገድላቸው ነው። ውኃ አጣሪው ጋሽ ልሳኑ የልባቸው የደም ቧንቧ አብጦ ሊፈነዳ ደርሷል። የቀዶ ጥገና ማሽን አለ፤ ማሽኑን የሚመራው ትእዛዝ ግን ምድር ላይ ባሉ ሐኪሞች፣ ከልባቸው ምስል ተነሥቶ የሚዘጋጅ ነው። ምስሉን የሚልከው አሮጌ ፕሮግራም ትናንት ተበላሸ። አዲሱ «አደራ» ይባላል፤ ፋይልን አሽጎ፣ መንገድ ላይ ማንም ሳይከፍተው ለባለቤቱ የሚያደርስ ነው። ዶክተር ሙና ከአምስት ሰዓት በላይ ጊዜ እንደሌለ ተናግራለች።

አደራ ሊጫን ሲል መስፈርቶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ቦታ ሲላት ትርሲት የአሥር ዓመት የኳስ ጨዋታ ቅጂ ደመሰሰች፤ ሰዎቹ አጉረመረሙ፣ አልሰማቻቸውም። ኃይል ሲላት የመመገቢያ ክፍሉን ማሞቂያ አጠፋች። የመጨረሻው ላይ ግን ቆመ። ማሽን የታሸገ ፋይል እንዲልክ ሕጉ አይፈቅድም፤ ላኪው ሰው መሆን አለበት።

«ትርሲት የተባለችው ተጠቃሚ አሥራ አንድ ዓመት አልተኛችም» አለ ስክሪኑ። «በአንድ ደቂቃ ሦስት ቦታ ሠርታለች። ሰው አይደለችም።»

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ በገነች። አዲስ ስም ቢከፈትም አደራ አሮጌው መዝገብ ሳይጠራ አይቀበልም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር፤ የተመዘገበው ሥራ ሁሉ ባለቤቱ ተለይቶ በአሻራ ይረጋገጥ። መራመድ የሚችለውን ሁሉ ሰበሰበችና መዝገቡን ዘረጋችው። የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው፣ ተባለ። የቲማቲሙን ማሳ ያደረቀው ማን እንደሆነ የታወቀውም ያን ቀን ነው።

አንድ ሰዓት ሲቀር የአርባ ቀን ሥራ ባለቤት አጣ። የአየር መቆጣጠሪያው ሥራ ነበር፤ የራሷ የትርሲት። ቀኑን ስታየው ክው አለች። እናቷ ምድር ላይ የሞቱ ጊዜ ነው። ያኔ ከክፍሏ አልወጣችም፤ አየሩ በራሱ የሠራ መስሏት ነበር። የተሰበሰቡት ሁሉ እኛ አይደለንም አሉ። ያልተጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ሕክምና ክፍል ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እነዚያን አርባ ቀናት የሠሩልኝ እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ተዪው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«ባለቤት ካላገኘ አይጫንም። ካልተጫነ ደግሞ ይሞቱብኛል።»

«ታዲያ ለኀዘንተኛ ሥራሽን ሠራሁልሽ ይባላል እንዴ?»

ዕንባዋ ቀደማት፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበራትም። አውራ ጣታቸውን ይዛ የአሻራ ማንበቢያው መስታወት ላይ አሳረፈችው። አልከለከሏትም።

አደራ አንድ የመጨረሻ ስምምነት ጠየቀ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም በሌላ ሰው ስም እንዳይሠራ። ትርሲት ምን እያጠፋች እንደሆነ ገብቷታል። ተስማማች። ምስሉ ሄደ፣ ትእዛዙም መጣ።

ዶክተር ሙና ማሽኑን ስታስነሣ ትርሲት የጋሽ ልሳኑን ፈረቃ ልትሸፍን ወደ ውኃ ማጣሪያው ወረደች። ኮምፒውተሩ ማን እንደሆነች ጠየቃት፤ ስሟን ሰጠች፤ ሰው መሆኗን አምኖ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ድነው ሲነሡ መዝገቡን ያዩታል፤ ማን እንደሠራላቸውም ያውቃሉ። እሳቸው አርባ ቀን ሙሉ የደበቁላትን እሷ አንድ ቀን እንኳ ልትደብቅላቸው አልቻለችም። አፈረች፤ እጅጌዋንም ሰብስባ ሥራ ጀመረች።