የሐኪም ጋራው ሳጥን

የደምሴ አስከሬን የተገኘው ረቡዕ ጠዋት ነው።

ሐረርን ቁልቁል በሚያየው ሐኪም ጋራ አናት ላይ፣ ከኢንተርኔት ፊኛው ጣቢያ የሲሚንቶ መደብ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። አንድ ጫማው ወልቋል። ከራሱ ሥር ያለው ድንጋይ ደም ለብሷል። ያገኘው በጠዋት ሊተካው የወጣው ሌላው ዘበኛ ነው።

ኢንስፔክተር ዋፊቃ ስትደርስ ሳጅን ጌታቸው ቦታውን በገመድ ከልሎ ነበር። ከገመዱ ውጭ አንድ ወጣት ወዲያ ወዲህ ይላል። የጣቢያው መሐንዲስ ብሩክ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ብዙም አልቆየም።

"ሳጥኑ የለም!" አላት ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት። "ፊኛውን የሚያናግረውን ዋናውን ሳጥን ወስደውታል።"

"መጀመሪያ ስለ ሰውየው ንገረኝ።"

አፈረ። "ደምሴ ይባላል። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ጥሩ ሰው ነበር።" ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

እሷም አየች። ከሰማያዊው በቀር ምንም የለም። ፊኛው አውሮፕላን ከሚበርበት በላይ ነው ያለው። ከዚህ ጋራ የሚላክለትን ኢንተርኔት ተቀብሎ፣ ኔትወርክ ገብቶበት ወደማያውቀው የኤረር ሸለቆ ይበትናል። ሊበትን ነበር። ሙከራው ለዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ተቀጥሯል። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ እናቶች ጤና ኬላው ጋ ተሰብስበው፣ ከሁሉ በፊት እነሱ የልጆቻቸውን ፊት እንዲያዩ ተወስኗል።

"ያለ ሳጥኑ ፊኛው ምን ይሆናል?"

"ዲዳ ነው። ከዓርብ በኋላ ደግሞ እዚህ ላቆየው አልችልም። ነፋሱ እየዞረ ነው፤ ወደ ኦጋዴን ይገፋዋል። ያኔ ማውረድ ነው። ሙከራው ከከሸፈ ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሸለቆውም እንደነበረ ይቀራል።"

ዋፊቃ መደቡ ላይ ወጣች። የፀሐይ ሰሌዳዎቹ በቦታቸው ናቸው። ትልልቆቹ ባትሪዎችም አልተነኩም። ሌባ ቢሆን እነሱን ነበር የሚወስደው፤ ከሰዓት ሳይደርስ ገዢ ያገኝላቸዋል። ሳጥኑን ግን ማን ይገዛዋል?

የሳጥኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ጎንበስ ብላ አየችው። በፒንሳ አልተቆረጠም። ተገዝግዟል።

"ማጭድ ነው" አለች።

ከተሰበረው ብሎን ላይ የጆንያ ክር ተንጠልጥሏል። ጌታቸው በጥንቃቄ አንስቶ በላስቲክ አስቀመጠው።

እኩለ ቀን ላይ የሆስፒታሉ ሐኪም ደወለላት። ደምሴ የሞተው ወዲያው አይደለም። ምናልባት ማክሰኞ ማታ አካባቢ ወድቆ፣ ለብዙ ሰዓት ነፍሱ ሳትወጣ ቆይታለች። አንድ ሰው ደርሶለት ቢሆን ይተርፍ ነበር።

ይህን ከሰማች በኋላ መቀመጥ አቃታት።

ደምሴ አንድ ልጅ ብቻ ነበረችው። ትዕግሥት ትባላለች፤ አስተማሪ ናት። ጎረቤቶቿ ተሰብስበው መርዶውን ሲያረዷት ዋፊቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ አልጮኸችም። "ብቻውን ነበር?" ብላ ብቻ ጠየቀች። 

ጌታቸው የጠረጠረው ብሩክን ነው።

"ማክሰኞ ቀን ሲጨቃጨቁ የሰሙ አሉ፣ ኢንስፔክተር።"

ብሩክ ቢሮ ተጠርቶ ቀረበ። በጣቶቹ ጠረጴዛውን ያንኳኳል።

"ለምን ተጣላችሁ?"

"ሰው አታስገባ ብዬው ነበር። እሱ ግን ጋራውን የወጣውን ሁሉ ያስገባል። ውኃ ያጠጣል፣ ያጫውታል። 'ለነሱ የመጣ ነገር አይደል፣ ይዩት እንጂ' ይለኛል።"

"ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?"

"ሆቴል። ከአለቆቼ ጋር ስብሰባ ላይ።"

ጌታቸው ሄዶ አጣራ። እውነት ነበር። ሰውየው ከአዳራሹ አልወጣም።

ሐሙስ ጠዋት ዋፊቃ ፈረስ መጋላ ገበያ ወረደች። አብዱልፈታ እዚያ የስልክ ሱቅ አለው። ኔትወርክ የሌላቸው የሸለቆ ሰዎች ዓረብ አገር የሚደውሉት ከሱ ሱቅ ነው። "ያንን ፊኛ በወንጭፍ ባወረድኩት!" ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

ገና ስታየው እጁን አነሳ።

"አቦ ዋፊቃ፣ መምጣትሽን አውቄያለሁ። ለቀልድ ነው ያልኩት፣ ወላሂ!"

"ሰው ሞቷል፣ አብዱልፈታ።"

"ኢና ሊላሂ። ሰማሁ። ማክሰኞ ድሬዳዋ ነበርኩ፤ የአክስቴ ልጅ ኒካህ ነበር። ቪዲዮው አለ፣ ስጨፍር ታዪኛለሽ።"

"ሸለቆው ኔትወርክ ካገኘ ገበያህ ይሞታል።"

"ማን አለሽ? ኔትወርክ ካገኘ ስልክ አይገዛም እንዴ? ያ ሁሉ ካርቶን ምን መሰለሽ?" ግድግዳውን ተደግፎ ጣሪያ የነካ የስልክ ካርቶን አሳያት።

ዋፊቃ ወደ በሩ ዞረች። ልትወጣ ስትል ጠራት።

"ስሚኝማ። ከሸለቆው የሚመጣው ሁሉ 'መቼ ነው የሚጀምረው?' ነው የሚለኝ። አንዱ ብቻ 'እንዴት ነው የሚጠፋው?' ብሎ ጠየቀኝ።"

"ማነው?"

"ሰዒድ። ጊደር መጋላ ገበያ ኦቾሎኒ በጆንያ የሚያራግፍ አለ፣ ዝምተኛ። 'ሰማይ ላይ ያለው አይነካም፣ የሚያናግረው ጋራው ላይ ያለው ሳጥን ነው' አልኩት። ምን አውቄ! ድሮም እኔ ጋ የሚመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። የወንድሙን ድምፅ ሚሞሪ ላይ እገለብጥለታለሁ።"

"አዲስ ድምፅ?"

አብዱልፈታ ትንሽ አሰበ። "እሱን ልብ አላልኩትም። ከድሮ ስልኩ ነው የሚያወጣው።"

ጊደር መጋላ ሰዒድ የለም። ከማክሰኞ ጀምሮ አልታየም። ወደ ቤቱ ወርዷል አሏት።

መኪናዋ አቧራውን እየቀደደች ወደ ኤረር ስትወርድ የዋፊቃ ስልክ የኔትወርክ መስመሮቹን አንድ በአንድ ጣለ። ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ጌታቸው የራሱን ስልክ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

"ተወው" አለችው። "እዚህ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው።"

የሰዒድን ቤት ያገኙት ከኦቾሎኒው ማሳ ዳር ነው። እናቱ አዴ ሐዋ ደጃፍ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። ፖሊስ መሆኗን ስትነግራቸው አልደነገጡም። ደስ አላቸው።

"ስለ ዓርቡ ነው የመጣሽው? ሳጥኑ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ። ተገኘ በይኝ፣ ልጄ።"

"እየፈለግን ነው፣ አዴ። ለማን ሊደውሉ ነበር?"

"ለነስሮ ነዋ! ለታናሹ ልጄ። ሳዑዲ ነው ያለው። ድምፁን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ሰዒድ ከከተማ ያመጣልኛል። ፊቱን ግን ከሄደ አላየሁትም። ጢም አብቅሎ ይሆን? ስሚው እስቲ፣ ይኸው።"

ከጉያቸው ትንሽ ስልክ አወጡ። አውራ ጣታቸው ቁልፉን በልማድ አገኘው። የሳቅ ቃና ያለው የወጣት ድምፅ ወጣ። "እናቴ፣ ደኅና ነኝ አልሐምዱሊላህ። አታስቢ። ሥራው ጥሩ ነው። ላሟ ወለደች?"

አዴ ሐዋ ሳቁ። "የትኛዋ ላም? ሞታ ስንት ጊዜዋ! ደጋግሜ በሰዒድ ልኬበታለሁ። እሱ ግን ሁልጊዜ ይረሳል።"

ዋፊቃ ስልኩን አየች። ከዚያ እኚህን ሴት አየች። 

"ሰዒድ የት ነው፣ አዴ?"

"ማሳው ጋ። ከማክሰኞ ወዲህ እህል አልቀመሰም። አሞታል መሰለኝ።"

ሰዒድ ማሳው ዳር፣ ከተከመሩት ጆንያዎች አጠገብ ተቀምጧል። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ትከሻው በሸክም የጎበጠ ሰው ነው። ሲያያቸው አልሮጠም።

"ነስሮ መቼ ነው የሞተው?" አለችው ዋፊቃ።

ስለ ሳጥኑ ትጠይቀኛለች ብሎ ነበር የጠበቀው። የአንዱን ጆንያ አፍ በእጁ ጨበጠ።

"መቼ ነው፣ ሰዒድ?"

"ከጂቡቲ ወደ የመን ሲሻገሩ። ጀልባዋ ተገለበጠች። አብሮት የነበረ ልጅ ነው የነገረኝ።"

"ለእናትህ ለምን አልነገርክም?"

"ያን ጊዜ ታማ ነበር። ትሞታለች ብለው ነበር። መንገድ ላይ እያለ የላከልኝ ድምፅ ስልኬ ላይ ነበረ። ሳዑዲ ገብቷል አልኳትና አሰማኋት። ተነሳች። በላች። ስትድን 'ያዳነኝ የነስሮ ድምፅ ነው' አለች። ከዚህ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገራት?" ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ያሉትን ድምፆች እያቀያየርኩ አሰማት ነበር። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ከዚያ ይሄ ፊኛ መጣ።"

"ማክሰኞስ?"

"ወደ መግሪብ ነው የወጣሁት። ሰውየውን ለመንኩት። ተበላሽቷል በል፣ ይህ ዓርብ ብቻ ይለፍ አልኩት። አይሆንም አለኝ። ምክንያቱን ነገርኩት። ከሱ በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም።" ወደ ጋራው አቅጣጫ ዞረ። "አልተቆጣኝም። 'ንገራት። ከፈራህ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፣ እናስረዳታለን' አለኝ። ጃኬቱን ሊያመጣ ዞረ። እኔ ማጭዴን አወጣሁ። ገመዱን ስቆርጥ ደረሰብኝ። ሳጥኑን ያዘ፤ ገፈተርኩት።"

"ሲወድቅ ሞቷል?"

ሰዒድ ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ መለሰ።

"በሕይወት ነበር" አለች ዋፊቃ። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣ። "ስልክ በኪስህ ነበር። ከተማው ቁልቁል ይታይሃል። ለምን ለሰው አልተጣራህም?"

"ይተነፍስ ነበር" አለ ሰዒድ። "ከተረፈ ለእናቴ ይነግራታል ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። አላህ ያውቃል።"

ጌታቸው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሳጥኑ ኦቾሎኒ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ።

"ለእናቴ አትንገሪያት" አለ ሰዒድ እጁ በካቴና ሲታሰር።

"እኔ አልነግራትም። የምትነግራት አንተ ነህ።"

መርዶ ግን ከሰዓት አይነገርም። በዚያ ቀን እናቱ እንዳያዩት በሌላ መንገድ አዙረው ወሰዱት። ዓርብ ገና ሲነጋ ዋፊቃ መልሳ አመጣችው። የመንደሩ ሼህና ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሰዒድ በፖሊስ ተይዞ ከኋላ ሆነው ወደ ደጃፉ ተጠጉ። አዴ ሐዋ ለዓርቡ አዲስ ሻሽ አስረው፣ እጃቸውን ሒና ቀብተው ነበር። ሰዎቹን በዚያ ሰዓት ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

ሼሁ ዱዓ ጀመሩ። ሰዒድ አላስጨረሳቸውም።

"ነስሮ የለም፣ እናቴ። ከሄደ ጀምሮ የለም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።"

አዴ ሐዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሴቶቹ ሊይዟቸው ተንደረደሩ። እሳቸው ግን የልጃቸውን እጅ ነበር የሚያዩት።

"ይሄ ብረት ምንድነው?"

እሱንም ነገራቸው። እያነባ፣ ቃል እየዋጠ፣ ግን ምንም ሳያስቀር ነገራቸው።

 እያንዳንዱ ሰው ጩኸቱን ጠበቀ፤ አልመጣም። በመጨረሻ አዴ ሐዋ ዋፊቃን ቀና ብለው አዩዋት።

"ያ ሰውዬ ልጅ አለው?"

"አንዲት ሴት ልጅ አለችው፣ አዴ።"

"ውሰጂኝ።"

"ዛሬ ይረፉ። ሐዘን ላይ ነዎት።"

"ውሰጂኝ አልኩሽ!"

ከጁምዓ በኋላ ብሩክ ሐኪም ጋራ ላይ ሳጥኑን አሰረ። ፊኛው ተናገረ። የሸለቆው እናቶች ጤና ኬላው ጋ ተጋፍተው የልጆቻቸውን ፊት አዩ፤ እልልታው ከማሳ ማሳ ተሰማ። ብሩክ ይህን ሊነግራት ለዋፊቃ ደወለ። ብዙም ሳታዳምጠው ዘጋችው። ደምሴ ቤት ደጃፍ፣ ድንኳኑ ፊት ለፊት ቆማ ነበር።

አዴ ሐዋ ድንኳኑ ዳር፣ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጠዋል። ሒናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነውታል። ማንም አያውቃቸውም። ጥቁር የለበሰችው ትዕግሥት እንግዳ መሆናቸውን አይታ ተጠጋች።

"እማማ፣ ከየት ነው የመጡት? አባቴን ያውቁት ነበር?"

"አላውቀውም፣ ልጄ። የሰዒድ እናት ነኝ።"

 አንድ ጎልማሳ ከመቀመጫው ተነሳ። "ምን ዓይነት ድፍረት ነው!" ዋፊቃ ወደ ውስጥ ተራመደች። ትዕግሥት ግን እጇን አንስታ ሰውየውን አስቆመችው። 

"እሱ ነው የላከዎት? ይቅርታ ሊያስጠይቅ?"

"ማንም አልላከኝም። ይቅር በይው ልልሽም አልመጣሁም።" አዴ ሐዋ አንገታቸውን ደፉ። "ዛሬ ጠዋት ታናሹ ልጄ መሞቱን ሰማሁ። አባትሽ ከሰዒድ ጋር ሆኖ ሊያስረዳኝ ሊመጣ ፈልጎ ነበር አሉኝ። ከማን ጋር እንደማለቅስ ቸግሮኝ ነው።"

ትዕግሥት ቆማ አየቻቸው። ከመርዶው ጀምሮ እንባ አልወጣትም ነበር ይላሉ ጎረቤቶቿ። ዋፊቃ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። ከኋላዋ በድንኳኑ ውስጥ ልቅሶ ተነሳ። ከሁለቱ ማን እንደጀመረው አላየችም።