አምስተኛው ክላክስ

ጠዋት አራቱ ሞተረኞች ከቦንጋ ሲነሡ አሰግድ እንደ ልማዱ የሞተሩን ሰንሰለት ዘይት ቀባ፣ የፍሬኑን ሽቦ ሳብ አድርጎ ሞከረ፣ ስፖኪዮውን በእጅጌው ወለወለ። ይህን ሁሉ ያደረገው ጥርሱን ነክሶ ነው። ማሻ፣ እናቱ ቤት፣ የታናሽ ወንድሙ የይታገሱ ሙት ዓመት ሊወጣ ነው። ዓምና ወደ ማሻ በሚወስደው በዚሁ የጫካ መንገድ አምስት ሆነው ገብተው አራት ሆነው ወጡ። ከይታገሱ የተገኘው ሄልሜቱ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ጫካው አልመለሰም።

“አሰግድ” አለ መሪያቸው አጥናፉ፣ ጓንቱን እያጠለቀ። “ዛሬ ለእናትህ እውነቱን ንገራቸው። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።”

“የምን እውነት? እንደ እብድ ስትጋልብ ማን ይደርስብሃል? ወንድሜን የበላኸው አንተ ነህ!”

ድሮ “ጋሼ” ይለው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ግን በባዶ ስሙ ይጠራዋል።

የዚሁ የጫካ አገር ልጅ የሆነው ቆጪቶ ሊያበርዳቸው ፈልጎ “ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች፣ ሰይጣን ራሱ ገና ቁርሱን አልበላም” አለ። ሌላው ጓደኛቸው ዘርጋው ሳቀ። አሰግድ አልሳቀም፤ መርገጫውን እንደ ጠላት ረግጦ ሞተሩን አስነሣ።

አጥናፉ ያወጣላቸው ሕግ ሁለት ነበር። ጉም ሲወርድ መሪው አንዴ ክላክስ ይነፋል፣ ተከታዩ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ሦስቴ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሰው ይቆጠራሉ። መገንጠያ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቆሞ የኋላውን ሰው መብራት ይጠብቃል፤ መብራቱን ሲያይ ይሄዳል። አጥናፉ አንደኛ፣ ቆጪቶ ሁለተኛ፣ ዘርጋው ሦስተኛ፣ አሰግድ አራተኛ። ዓምና ይታገሱ አምስተኛ ነበር። ክላክሱ ውኃ ገብቶበት እንደታነቀች ፍየል ስለሚጮህ በየመንገዱ ይሥቁበት ነበር።

ጫካው ውስጥ ሲገቡ ረፋድ ቢሆንም ብርሃኑ እንደ ምሽት ደከመ። ዛፎቹ ከላይ ተጋጥመው ሰማዩን ዘግተውታል፤ ከየቅርንጫፉ የተንጠለጠሉት የንብ ቀፎዎች እርጥብ ጭጋግ ለብሰው የተሰቀለ ሰው ይመስላሉ፤ ቀዩ ጭቃ ጎማውን እየጠባ ይለቀዋል፤ የበሰበሰ ቅጠልና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ አፍንጫ ውስጥ ይሰነቀራል። ጉሬዛዎቹ እንኳ ዝም ብለዋል። ጉሙ ወረደ። ከፊት አንዴ ተነፋ። ሁለቴ። ሦስቴ። አሰግድ አራት ጊዜ ነፋ፤ የእሱ ክላክስ ጥርት ያለ ነው።

ከኋላው፣ በጣም ከሩቅ፣ አምስት ጊዜ ተነፋ።

የገደል ማሚቶ ነው አለ በልቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጓዙ በኋላ ግን እንደገና ተቆጠሩ፤ አምስቱ አሁንም መጣ፣ ቀረብ ብሎ፣ ሻካራ ሆኖ። ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነደደበት። መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ጋ ሲቆሙ ከሞተሩ ዘሎ ወርዶ የአጥናፉን ጃኬት ጨመደደ።

“ሰው ከኋላዬ አስከትለህ ልታሾፍብኝ ነው? በሙት ዓመቱ?”

“ምን ሆነሃል? ማንን ነው የማስከትለው?”

“እኔ የሰማሁት እስከ አራት ብቻ ነው” አለ ዘርጋው ግራ ተጋብቶ።

ቆጪቶ የመጡበትን መንገድ ለአፍታ አየ። ከዚያ ቀልዱን ሁሉ ትቶ “እንሂድ” አለ። “አትዘግዩ።”

ከወንዙ በኋላ የአሰግድ ስፖኪዮ ውስጥ አንድ መብራት ታየ። ቢጫ ነው፤ ሽቦው እንደላላ ብልጭ ድርግም ይላል። አሰግድ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲያዘግም ያዘግማል። የሞተር ድምፅ ግን የለውም፤ ጭቃው ብቻ ሲጠባ ይሰማል።

መገንጠያው ላይ ደረሱ። ግራው ወደ ማሻ፣ ቀኙ ጥንት ግንድ ይጎተትበት ወደነበረው፣ ረግረግ ውስጥ ወደሚያልቀው መንገድ። ዘርጋው እንደ ሕጉ ቆሞ ጠበቀ፤ የአሰግድን መብራት አየ፣ እጁን አንሥቶ ወደ ግራ ታጠፈ። አሁን ተራው የአሰግድ ነው።

ዓምናም ተራው የእሱ ነበር። ዝናቡ ይወርድ ነበር፤ ይታገሱ ሰንሰለቱን ለማጥበቅ ለአራተኛ ጊዜ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። አሰግድ እዚችው ቦታ ላይ ደሙ ፈልቶ “ከፈለገ ይድረስብኝ!” ብሎ መብራቱን ሳያይ ሄደ። በኋላ የይታገሱ ሄልሜት የተገኘው በቀኙ መንገድ፣ ረግረጉ ዳር ነው። ማሻ ሲገባ ለእናቱ “አጥናፉ አልጠብቅም ብሎ ነው” አላት። ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ቁጣውን ሲያቀጣጥል ኖረ።

መብራቱ እየቀረበ ነው። መጠበቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

“አልጠብቅም!” ብሎ ጮኸ። “አንተንም፣ አጥናፉንም፣ ማንንም!” ነዳጅ ሰጠ። የኋላ ጎማው ተሽከርክሮ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ በላዩ ወድቆ እግሩን ጭቃው ውስጥ ቀበረው። ሞተሩም ጠፋ።

በቢጫው መብራት ሲከተለው የቆየው ጋላቢ በቀስታ መጣ። ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ሄልሜት አላደረገም፤ ፊቱንም አላዞረም። አልቆመም። ልክ አሰግድ ዓምና እንዳደረገው ወደ ግራ ታጥፎ በዘርጋው ዱካ ሄደ።

ከጉሙ ውስጥ አጥናፉ አንዴ ነፋ። ቆጪቶ ሁለቴ። ዘርጋው ሦስቴ። አሰግድ በጭቃ የተለወሰ አውራ ጣቱን ወደ ክላክሱ ሲዘረጋ፣ ከፊት በእሱ በራሱ ክላክስ ጥርት ያለ ድምፅ አራት ጊዜ ተነፋ፤ ሞተሮቹም ማንም እንዳልጎደለባቸው ሆነው ራቁ፤ እሱ የተጫነው ክላክስም እንደታነቀች ፍየል አምስት ጊዜ ጮኸ፣ እስከ አምስት የሚቆጥር ሰው በሌለበት።